ለእትዬ ጫልቱ ያነበብኩት ደብዳቤ

ባለፈው ዓመት መታወቂያ ላሳድስ የካ፣ ወዳደግኩበት ሰፈር ሄጄ ነበር። ወረፋው ረጅም ስለነበር ግድግዳ ተደግፌ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሊስትሮ የጥቁር ቀለም ቆርቆሮ ከፈተ። ሽታው ሲሸተኝ፣ ወረፋ የያዝኩለት፣ አሁን መዝገብ የሞላበት ክፍል ድሮ የቀበሌያችን አዳራሽ እንደነበረ ትዝ አለኝ። ተዋንያኑ ጢም የሚሠሩት በጫማ ቀለም ነበር። በአሥር ዓመቴ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ የጋሽ አስፋው ጢም በላብ እየቀለጠ ወደ አገጫቸው ሲወርድ አይቻለሁ።

ያን ዓመት ሳስታውስ ሁልጊዜ ከዚያ ጢም ነው የምነሣው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከእትዬ ጫልቱ ነው።

እትዬ ጫልቱ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በእኛና በእሳቸው ግቢ መካከል ያለው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። የተወለዱት ከእንጦጦ ማዶ ነው። ባላቸው ሲሞቱ እርሻውን ትተው ወደ ከተማ ወርደው፣ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ተቀጠሩ። ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከጌታ ጋር በኦሮምኛ ነበር የሚያወሩት። እሑድ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ መዝሙራቸው ከእሳቸው ቀድሞ ይደርሳል።

መንግሥት ከተለወጠ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ልጃቸው አስቴር ሰው ቤት ልትሠራ ቤይሩት ሄዳ ነበር። በወር፣ በሁለት ወር ደብዳቤ ትልካለች። እትዬ ጫልቱ ፊደል ስለማያውቁ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ደብዳቤ ሲመጣ በአጥሩ ላይ «ሂሩትዬ!» ብለው ይጣራሉ። እስክደርስ ድረስ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁኛል። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። ስጨርስ በወተት የራሰ ዳቦ ይሰጡኛል።

«ጌታ ይባርክሽ፣ የአስቴር አፍ» ይሉኛል።

የአስቴር አፍ መባል ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ቤታችን አራት ልጆች ነበርን፤ እናቴ ስትጣራ እንኳ የሦስታችንን ስም ጨርሳ ነው የእኔ ላይ የምትደርሰው። እትዬ ጫልቱ ቤት ግን ብቻዬን ነበርኩ። አልጋው ሥር የአስቴር ሻንጣ አለ፤ ሻንጣው ውስጥ ነጭ አዝራር ያለው ሰማያዊ ሹራብ አለ። አንድ ቀን አውጥተው ትከሻዬ ላይ ለክተው «ትንሽ ከፍ ስትይ ላንቺ ነው» ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ የበራችን መቃን ላይ ቁመቴን እለካለሁ።

በመስከረም ለሊሴ መጣች።

ለሊሴ የእትዬ ጫልቱ የእህት ልጅ ናት። እናቷ ክረምት ላይ ሞታባት ነበር። ከእኔ በአንድ ዓመት ብትበልጠኝ ነው፤ በቁመት ግን ጭንቅላት ሙሉ ትበልጠኛለች። ጠጉሯን ለሐዘን ተላጭታለች። ስታወሯት መሬት መሬቱን ታያለች፤ ካላወራችኋት ግን ዓይኗ እናንተው ላይ ነው። እትዬ ጫልቱ እጄን ይዘው ወደ እሷ አስጠጉኝና «እህትሽ ናት፣ ፊደል ታስተምሪልኛለሽ» አሉኝ።

አገሯ አራተኛ ክፍል ጨርሳለች። የተማረችው በኦሮምኛ ስለሆነ ግን የአማርኛ ፊደል አታውቅም፤ የእኛ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ከትናንሾቹ ጋር አስቀመጣት። ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን ነበር የምትቀመጠው። እኔ በመስኮት አይቼ ሳቅኩ። ማታውን ግን ደብተሯን ስትጽፍ አየሁና ሳቄ ጠፋ። ገጹን ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ሞልታዋለች፤ ያውም ሳትሰርዝ፣ ሳታቆም። እየሮጥኩ ሄጄ ለእናቴ፣

«ለሊሴ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ ትጽፋለች!» አልኳት።

እናቴ ስቃ «ኦሮምኛ ነው እኮ፣ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው» አለችኝ። አላመንኳትም። የደበቁኝ ነገር እንዳለ ነው የመሰለኝ።

ማስተማሩንም ጀመርኩ። እስከ «ቸ» አደረስኳትና «በቃ፣ አለቀ» አልኳት። ለሊሴ ጣቷን «ቸ» ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች። «እንዲህ አጭር ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። በማግሥቱ መምህሯ ግድግዳ ላይ የቀረውን አሳየቻት። ለማንም አልተናገረችብኝም። ከዚያ በኋላ ግን ብቻዋን ነበር የምታጠናው፣ በሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። በኅዳር መጀመሪያ የሱቅ ሰሌዳዎችን ታነብ ነበር።

የእንጦጦ ነፋስ በኅዳር አጥንት ውስጥ ይገባል። አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ፣ ለሊሴ ሰማያዊውን ሹራብ ለብሳ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ አየሁ። እጅጌው ልክ ነበር። እትዬ ጫልቱ አንገትጌዋን እያስተካከሉላት አዩኝና «ሂሩትዬ፣ አማረባት አይደል?» አሉኝ። የገቡልኝን ቃል ረስተውታል። «አዎ» ብዬ ሮጥኩ። 

ቴያትሩ የታየው በዚያው ወር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የቀበሌው ወጣቶች ከጥቂት ትልልቅ ሰዎች ጋር ሆነው ራሳቸው የደረሱት አሳዛኝ ቴያትር ነበር። አንድ ፊደል ያልቆጠረ ጀግና ሹም አለ። ጸሐፊው ሹመት ሲጠብቅ፣ ሹመቱ ለሌላ ተሰጠበት። ይህን ያስደረገችው የሹሙ ሚስት ናት ብሎ ቂም ያዘ። እመቤቲቱ ታማ አባቷ ቤት ሰንብታ በነበረ ጊዜ ለባሏ የናፍቆት ደብዳቤ ትልካለች፤ የሚያነብለት ደግሞ ጸሐፊው ነው።

ጸሐፊውን የተጫወቱት ጋሽ አስፋው ነበሩ። ጋሽ አስፋው ቀበሌው በር ላይ፣ በተቀዳደደ ጃንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ለሰው ማመልከቻና ደብዳቤ የሚጽፉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። መድረክ ላይ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ሚስቲቱን አንዴም አልከሰሷትም። ያነቡና መሃል ላይ ያቆማሉ። ሹሙ «ምነው?» ሲል «ምንም አይደለም ጌታዬ፣ ይህቺን እንኳ እንለፋት» ይላሉ። ሹሙ ይቆጣል፤ «አንብብ!» ይላል። «ካዘዙኝ እንግዲህ» ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ። የሚያነቡት ግን ያልተጻፈውን ነው።

አዳራሹ ተንጫጫ። «ውሸቱን ነው! አትመነው!» የሚሉ አሉ። አንዲት ሴትዮ የብርቱካን ልጣጭ ወረወሩባቸው። እመቤቲቱ ድና ስትመለስ ሹሙ በሩን ዘጋባት፤ እሷም እየለመነችው ደጅ ላይ በብርድ ሞተች። ከዚያ አንድ ዲያቆን መጥቶ ደብዳቤዎቹን በትክክል ሲያነብለት፣ ሹሙ በገዛ ሰይፉ ላይ ወደቀ። እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ያችን የሞተች እመቤት ሲግናል አካባቢ ቲማቲም ስትመርጥ አይቻት፣ እንደተታለልኩ ሁሉ ተናደድኩባት። ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ሞቷ አልነበረም። ያ መሃል ላይ ማቆም ነው።

እትዬ ጫልቱ ስንመለስ እጄን አጥብቀው ይዘውኝ ነበር። «አይ ፊደል አለማወቅ! ሰው በገዛ ቤቱ እንዲህ ይሆናል?» አሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ «እኔስ አንቺ አለሽኝ» አሉኝ።

ጋሽ አስፋው ከዚያ ወዲያ መከራቸውን አዩ። ልጆች «ጸሐፊው! ጸሐፊው!» እያልን ተከትለናቸዋል፤ ድንጋይ የወረወረም ነበር። ደብዳቤ ይዘው ይመጡ የነበሩ ሴቶች ለሳምንታት ራቋቸው። እሳቸው ዝም ብለው ጃንጥላቸው ሥር ይቀመጣሉ።

የአስቴር ደብዳቤ የመጣው በታኅሣሥ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። እትዬ ጫልቱ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ለሊሴ ሹራቡን ለብሳ በሩ ላይ ሰሐን ታጥባለች። ሰላምታውን አነበብኩ። የእመቤቷን ልጆች ጉንፋን አነበብኩ። ከዚያ እንዲህ የሚል ላይ ደረስኩ፦ «እማዬ፣ ለሊሴን ስላመጣሻት እንዴት ደስ እንዳለኝ። አልጋዬም ልብሴም የእሷ ነው። ሰማያዊው ሹራብ ልኳ ከሆነ ትልበሰው፤ እህት አገኘሁ።»

አቆምኩ።

አስቤበት ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ አላሰብኩበትም። አፌ ዝም አለ፤ ያንን ዝምታ ግን ዐወቅኩት።

«ምነው?» አሉ እትዬ ጫልቱ ዓይናቸውን ገልጠው።

«ምንም አይደለም። ይቺን ልለፋት?»

«ምን ትላለች?»

«ስለ ለሊሴ ነው…»

«አንብቢው እንጂ ልጄ!»

ወረቀቱን ወደ ፊቴ አስጠጋሁት። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። «‹እማዬ፣ እኔ እዚህ ሰው ቤት ስንከራተት፣ አንቺ ቦታዬን ለሌላ ሰጠሽው? ልብሴንም ሰጠሽው?› ይላል።»

እትዬ ጫልቱ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ወሰዱና፣ ፊደሉን እንደሚያዩ ሁሉ በጣታቸው ዳሰሱት። «ልክ ናት» አሉ በመጨረሻ፣ «ልጄ ልክ ናት። እኔ ነኝ ያላሰብኩት።»

ለሊሴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከዚያ የሹራቡን አዝራሮች ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ፈታች፤ አውልቃ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ አልጋው ላይ፣ አጠገቤ አስቀመጠችው። ተመልሳም ሰሐኑን ማጠብ ቀጠለች።

የፈለግኩት ይኸው ነበር። እትዬ ጫልቱ ሲቆጧት፣ ሹራቡን ሲቀሟት ነበር በሐሳቤ ያየሁት። አልተቆጧትም። ያን ቀን ዳቦውን አቀረቡልኝ፤ በወተት ማራሱን ግን ረሱት። በሳምንቱ አባቷ ድንች በአህያ ጭነው ሊሸጡ ሲወርዱ፣ እትዬ ጫልቱ ከእሳቸው ጋር ላኳት። ከአህያዋ ኋላ፣ በስስ ቀሚስ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ዳገቱ ስትሄድ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። እትዬ ጫልቱ መንገዱ ላይ ቆመው ቀሩ። ያን ሰሞን መዝሙር አልተሰማም።

እኔ ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር፤ ደብዳቤ መልስ እንዳለው። ማንበቡ የእኔ ይሁን እንጂ መልሱንና በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን አድራሻ የሚጽፉላቸው ጋሽ አስፋው ነበሩ። እትዬ ጫልቱም ቢፈሯቸውም ሌላ ሰው ስለሌላቸው ሄዱ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ አስፋው ከጃንጥላቸው ሥር «ነይ እስቲ፣ አንቺ ልጅ» አሉኝ።  ፊታቸው ላይ ጢም የለም፤ ያው ቀጭን ሰውዬ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የአስቴር ደብዳቤ ተዘርግቷል።

«እትዬ ጫልቱ ጠዋት መጥተው ነበር» አሉኝ። «‹እንዳልሽው ለሊሴን መልሻታለሁ፣ ቅር አይበልሽ ብለህ ጻፍልኝ› አሉኝ። ደብዳቤውን ይተዉልኝ፣ ነገ እጽፋለሁ ብያቸው ሄዱ። የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ?»

ዓይኔን ደብዳቤው ላይ ተከልኩ።

«እኔን በድንጋይ የምታሳድዱኝ ባላደረግኩት ነው» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «መድረክ ላይ ውሸት ሳነብ እንኳ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንቺ ተኝተሻል?»

አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ። መጥፎ ሰው መጥፎ ሰውን ፊቱን አይቶ ያውቃል ብዬ ስለማምን፣ እኔም እንደ እሳቸው ጢም ያወጣሁ ነበር የመሰለኝ።

«ለእሳቸው ይንገሩልኝ» አልኩ።

«አልነግርም። አንባቢያቸው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አንብቢላቸው።» ደብዳቤውን አጥፈው ሰጡኝ። «መልሱን ነገ ከምሳ በፊት እጽፋለሁ። እስከዚያ ካልነገርሻቸው ግን እውነቱን ሳልነግራቸው ልጽፍ አልችልም።»

«ይጠሉኛል።»

«ሊጠሉሽ ይችላሉ» አሉ።

ሳለቅስ «አይዞሽ» ያላለኝ ትልቅ ሰው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

እትዬ ጫልቱ ገና ከሥራ መግባታቸው ነበር፤ የሥራ ሽርጣቸውን አላወለቁም። ደብዳቤውን በእጄ ሲያዩ እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ። «አይታጠቡ» አልኳቸው። ቆሜ አነበብኩት። «እህት አገኘሁ» የሚለው ላይ ስደርስ እንባ ጋርዶኝ ፊደሉን አላየሁም፤ በቃሌ ነው የጨረስኩት።

«እንደገና» አሉኝ።

አነበብኩ።

«እንደገና።»

በሦስተኛው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሽርጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። አንድም ስድብ አልወጣቸውም። እኔ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ እዚያው ቆምኩ። ቆይተው ሽርጡን አነሡና «ለምን?» አሉኝ።

«ሹራቡን ለእኔ ብለውኝ ነበር» አልኩ።

ሲናገሩት ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ ሰማሁት። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ብዬሽ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እውነትሽን ነው፣ ብዬሽ ነበር።» ከዚያ ተነሥተው ሹራቡን ከሻንጣው አውጥተው ፌስታል ውስጥ ከተቱ። «ቅዳሜ እንሄዳለን። ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያት።»

እናቴ በጥፊ መታችኝ፤ ከዚያ መንገድ የሚሆነኝን ዳቦ ቋጠረችልኝ።

ቅዳሜ ገና ጠዋት በባሕር ዛፉ መካከል ወጣን። እትዬ ጫልቱ መንገዱን ሙሉ አላናገሩኝም። ዳገቱ ሲከብደኝ ግን ወደ ኋላ ሳያዩ እጃቸውን ይዘረጉልኛል፤ እይዘዋለሁ፤ ሜዳው ላይ ስንደርስ ይለቁኛል። ከጫፍ ላይ ዞር ብዬ ሳይ ሰፈራችን የቆርቆሮ ክምር ነበር የሚመስለው። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ።

ስንደርስ ለሊሴ ከአባቷ ጋር ድርቆሽ ትከምር ነበር። ጠጉሯ ትንሽ አድጓል። አባቷ ሰላም አሉንና ውኃ አስመጡልን። እትዬ ጫልቱ ልጅቷን ሊወስዱ እንደመጡ ሲነግሯቸው ፊታቸው ተለወጠ። በኦሮምኛ ያሉትን እትዬ ጫልቱ ወደ እኔ ዞረው ተረጎሙልኝ።

«ልጅ ዕቃ ናት ወይ፣ ሲያሻችሁ የምትወስዷት፣ ሲያሻችሁ የምትመልሷት? ነው የሚለው።» ከዚያ ደብዳቤውን ሰጡኝ። «አንብቢ።»

ድርቆሹ መሃል ቆሜ አነበብኩ። እኔ አንድ ዐረፍተ ነገር ስል እትዬ ጫልቱ በኦሮምኛ ይደግሙታል። ለሊሴ መንሹን ተደግፋ ትሰማለች፤ ሁለት ጊዜ ነው የሰማችው፣ በሁለት ቋንቋ። ስጨርስ አባቷ በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ወረቀቱ መጀመሪያም ይህንኑ ነበር የሚለው?»

«አዎ። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ብዙ አዩኝ። ከዚያ ለልጃቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቋት። ለሊሴ መንሹን ክምሩ ላይ አቁማ ወደ ቤት ገባች። ቆየች። እምቢ ያለች መስሎን እትዬ ጫልቱ ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ። ስትወጣ ደብተሯ በላስቲክ ተጠቅልሎ ብብቷ ሥር ነበር።

ስንመለስ ከፊታችን ቀድማ ነበር የምትሄደው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ነፋሱ ሲበረታ እትዬ ጫልቱ «ኮቱ» ብለው ጠሯት፤ ነይ ማለታቸው ነው። ሹራቡን አውጥተው አለበሷት። እጇን ዘረጋችላቸው፤ አዝራሩን ግን አልቆለፈችም። እሳቸው ቆለፉላት።

ያን ዓመት ትምህርት ቤቱ ያመለጣትን ፈተና እንድትፈተን ፈቀደላት። ጋሽ አስፋው መልሱን ጻፉ፤ ምን ብለው እንደጻፉ አላውቅም። አስቴር ግን በኋላ በላከችው ደብዳቤ ሁሉ ሰላም እያለችኝ ነው የኖረችው። ለጥምቀት ሰሞን ቴያትሩ በድጋሚ ሲታይ አዳራሹ ጋሽ አስፋው ላይ ጮኸ፤ እኔ አፌን አልከፈትኩም።

ለሊሴ እኔን አታናግረኝም ነበር። ወተትና ዳቦው አልቀረብኝም፤ ከአንድ ሰሐን ለሁለታችን ይቀርባል፤ እሷ ከበኩሏ፣ እኔ ከበኩሌ እንበላለን። «ሂሩትዬ!» የሚለው ጥሪ ግን ቀረ።

በየካቲት መጨረሻ ደብዳቤ መጣ። እኔ በአጋጣሚ እዚያ ነበርኩ። እትዬ ጫልቱ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና ደብዳቤውን ለለሊሴ ሰጧት። ልወጣ ተነሣሁ። «ተቀመጪ» አሉኝ።

ለሊሴ በጣቷ እየተከተለች፣ ቃሉን እየሰባበረች ማንበብ ጀመረች። ሰላምታው ብቻ እኔ ሙሉ ደብዳቤ የማነብበትን ጊዜ ወሰደ። እትዬ ጫልቱ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳይቸኩሉ ያዳምጣሉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ቃል ያዛት። ደግማ ሞከረችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አልወጣላትም። አክስቷን አየች፤ ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ሳትለቅ ወደ እኔ አዘነበለችውና ጣቷን ቃሉ ላይ አደረገች።

«ይህ ምን ይላል?» አለችኝ። ከተመለሰች ወዲህ ያናገረችኝ የመጀመሪያው ነው።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። «ቋንቋቸውን» አልኳት። «‹ቋንቋቸውን ለመድኩ› ነው የምትለው።»

ለሊሴ ወዲያው አልደገመችውም። ወረቀቱን ወደ ፊቷ መልሳ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያየች፣ ካልኩት ጋር አስተያየችው። ልክ መሆኑን አረጋግጣ ስትጨርስ «ቋንቋቸውን ለመድኩ» ብላ ለአክስቷ አነበበችና ቀጠለች።